ካፖርት ቤት

ሳቫ ወንዝ ዳር፣ ቤልግሬድ ላይ፣ በሰንሰለት የታሰረ፣
ቀን ላይ ዝም ጭጭ የሚል፣ ሲመሽ ግን የሰከረ፣
አንድ አሮጌ ጀልባ አለ፣ ጭፈራ ቤት የሆነ፤
ድሮ ከሰል ይጭን ነበር፣ ዛሬ ሰው ነው የጫነ።

በሩን አልፈህ በስተግራ፣ ከደረጃው ሥር ጎንበስ ብለህ
ራድሚላን ታገኛለህ፤ ካፖርትህን ትሰጣለህ፤
ቁጥር የተመታባት ቆርቆሮ በእጅህ ይዘህ ትገባለህ።
ስምህን አትጠይቅህም።
ከየት እንደመጣህ አንገትጌህ ይነግራታል።

ይሄ ጨው ጨው ይላል፤ ሊዝበን ነው፣ የውቅያኖስ ደጅ።
ይቺ የሱፍ ከታሊን ናት፤ ውርጩ ትከሻዋን አልለቀቀም።
ይሄ በባቡር ወንበር የተጨማደደ፣ ሦስት አገር የተተኛበት።
ይሄ ደግሞ የአባት ነው፤ ልጅየው ሳያስፈቅድ ለብሶት የጠፋ፤
የደረት ኪሱ ውስጥ መነጽር ይዳሰሳል፤
አባትየው ይሄኔ የሆነ አገር
ጋዜጣውን ከፊቱ አርቆ ይዟል።

አህጉሩ በሙሉ መጥቶ ማንጠልጠያ ላይ ተሰቅሏል፤
እጅጌ በእጅጌ ተደግፎ፣ ድንበሩን ረስቶ ተኝቷል።

ከላይ ቩካሺን ሙዚቃውን ሲለቀው፣ ከታች ወንዙ ይመልሳል።
ማንጠልጠያዎቹ ይንቀጫቀጫሉ።
ካፖርቶቹ፣
ትከሻ ሳይኖራቸው፣
ትከሻ ይመታሉ።

ጎንሳሎ ከቤት ከወጣ ወሩ ነው።
«ዘጠኝ ከተማ፣ ዘጠኝ ጭፈራ ቤት፤
ጨለማው አንድ ነው፣» ይላል፣ «የመጠጡ ዋጋ ነው የሚለያየው።»
ካድሪ ትስቃለች። አልሰማችውም።
ሁለቱም በተዋሱት ቋንቋ፣ በጆሮ ላይ ጩኸት፣
ስማቸውን አራት ጊዜ ተቀያየሩ፤
አራት ጊዜ ጠፋባቸው።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ላይ አኮርዲዮን ገባ።
ኮሎ ነው፣ አሉ የአገሩ ልጆች፣ ተነሡ፣ ክብ ሥሩ!
አንተ ዘንድ ኮሎ ይቆረጠማል፣ እነሱ ዘንድ ይረገጣል፤
ያም ሆነ ይህ ከእጅ ወደ እጅ ካልዞረ መች ይጣፍጣል?
የፖርቱጋል እግር ቀድሞ ወጣ፣
የኢስቶኒያ እግር ወደ ኋላ ቀረ፤
የማንም የማንንም ረገጠ፤ ክቡ ግን አልተበጠሰም።

ራድሚላ ከደረጃው ሥር፣ በነጠላ ጫማዋ፣
ጣቶቿን ብቻ አንቀሳቀሰች፤ እርምጃውን እግሯ ያውቀዋል።
መሳቢያዋ ውስጥ ቀይ ፓስፖርት አለ፤
ፓስፖርቱ አለ፤ ያወጣው አገር የለም።
በሃያ ዓመቷ ትሪየስት ድረስ ሄዳ
ጂንስ ሱሪ ገዝታ፣ ለጉምሩክ ብላ በቀሚሷ ሥር ለብሳው፣
አንዲት ሌሊት ወደቡ ዳር ጨፍራ ተመልሳለች።
ጠባብ ነበር ሱሪው። ላቡ ትዝ ይላታል።

ሊነጋጋ ሲል ሰልፉ መጣ። አይን የቀላ፣ ድምፅ የጠፋ።
የሶፊያ አውቶቡስ ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ፤ የቪየና ባቡር ለአንድ።
ካድሪ የጎንሳሎን ቆርቆሮ ሰጠች፤
ጎንሳሎ የካድሪን።
ራድሚላ ቁጥሩን አየች፤ ፊታቸውን አየች፤
ደግማ ቁጥሩን አየች።
እኔ የማውቀው ቁጥር ነው፣ አለችና
ለቁጥሩ የሚገባውን አወረደች።
ውርጩ ወደ ደቡብ ሄደ፣ እጅጌው ክርኑ ጋ ቀርቶበት፤
ጨው ወደ ሰሜን ሄደ፣ መሬት እየጠረገ።
አልተሳሳሙም። ወይም እኔ አላየሁም፤
እንግዲህ ዛጎርካ መወልወያዋን ይዛ መሐል ገብታ ነበር።

የቀረው አንድ ካፖርት ነው፣ ቁጥር የሌለው፤
የራሷ።
ሌሊቱን ከሊዝበኑ ጎን ተሰቅሎ ያደረ።
ስትለብሰው ቆም አለች፤ አንገትጌውን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች።
ባሕር ባሕር ይላል።

«ምነው?» አለች ዛጎርካ።
«ምንም።»
እርጥቡ ወለል ላይ ሁለት እርምጃ ወደ ቀኝ፣ አንድ ወደ ግራ፤
የተወለወለውን አበላሸች፤
ትራሙ መጣ።